የሚዲያና የባህል ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ፦ ከጥያቄ ቀረጻ እስከ ዲፌንስ

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የኮርስ ዓመቱን ጨርሶ ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ልጠቀም?» የሚል ነው። በሚዲያና በባህል ጥናት ዘርፍ ግን ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቢሆን ይሻላል። ቀዳሚው ጥያቄ የሚጠናው ነገር፣ ማለትም ጋዜጣው፣ የሬዲዮ ዝግጅቱ፣ ድራማው ወይም ተመልካቹ፣ የት እንደሚገኝና ሊደረስበት የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው። ፕሮፖዛሉ (የጥናት ዕቅዱ) በትምህርት ክፍሉ ከጸደቀ በኋላ የሚፈለገው የሥርጭት ቅጂ እንዳልተቀመጠ ወይም ለተማሪ እንደማይሰጥ ማወቅ ከባዶ እንደ መጀመር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማስረጃው ይነሣና ወደ ንድፈ ሐሳቡ ይሄዳል። ነገሩ በደፈናው እንዳይቀርም አንድ ማሳያ እንከተላለን፤ ይኸውም ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የውጭ አገር፣ በተለይም የቱርክ፣ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ማቅረቡና የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች «ባህል ይበርዛል፣ የአገሩንም ሥራ ያቀጭጫል» በሚል ያነሡት ተቃውሞ ነው።

አንደኛ፦ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ማጥበብ

በዚህ ጉዳይ ላይ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ርዕስ «የቱርክ ድራማዎች በኢትዮጵያ ባህል ላይ ያሳደሩት ተፅዕኖ» የሚል መሆኑ አይቀርም። ርዕሱ ለመስማት ደስ ቢልም ሊጠና አይችልም። «የኢትዮጵያ ባህል» ተብሎ በአንድ ተማሪ ጽሑፍ የሚለካ ነገር የለም፤ «ተፅዕኖ» የሚለው ቃልም ድራማው ከመምጣቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ አነጻጽሮ ሌሎች ምክንያቶችን ሁሉ ለይቶ ማውጣትን ይጠይቃል፤ ይህን ደግሞ ሃያ ቃለ መጠይቆች ሊያደርጉት አይችሉም። ፈታኞች በዲፌንስ፣ ማለትም ተማሪው ጽሑፉን በፊታቸው ቀርቦ በሚከላከልበት ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚይዙትም ይህችን ቃል ነው።

ከዚሁ ጉዳይ ሁለት ሊጠኑ የሚችሉ ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛው «በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. የአማርኛ ጋዜጦች በድራማዎቹ ላይ የተነሣውን ክርክር እንዴት አቀረቡት? የማንን ድምፅ አጎሉ፣ ምንን እንደ ችግር፣ ምንንስ እንደ መፍትሔ አሳዩ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የሚኖሩ ሴቶች የድራማዎቹን የጋብቻና የቤተሰብ ታሪኮች ከራሳቸው ሕይወት ጋር እያያያዙ እንዴት ይረዷቸዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው በቂ ያህል መጥበቡን ለማረጋገጥ «ይህን ለመመለስ ነገ ጠዋት የትኛውን ወረቀት እገልጣለሁ፣ ወይስ የማንን ቤት አንኳኳለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ ከሌለ ጥያቄው ገና ሰፊ ነው። ሁለቱን በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ማዋሐድ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ የአሠራር ስልቶችን፣ ሁለት የመረጃ ዓይነቶችንና ሁለት የትንተና ምዕራፎችን ስለሚጠይቅ አንዱን ዋና፣ ሌላውን የዳራ ምዕራፍ ማድረግ ይመረጣል። ለሦስተኛ ዲግሪ ግን ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ማስረጃውን በዓይን ማየት

ፕሮፖዛል ከመጻፍዎ በፊት ከትምህርት ክፍልዎ የትብብር ደብዳቤ አጽፈው ወደ ማስረጃው ይሂዱ። ለጋዜጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቦታዎች ዋነኞቹ ናቸው፤ ብዙዎቻችን አሁንም ወመዘክር ብለን የምንጠራው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ጋዜጦቹ በጥራዝ ተይዘው ስለሚቀመጡ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደለ ይመዝግቡ። የጎደሉ እትሞች፣ የተቀደዱ ገጾችና የተቆረጡ ዓምዶች የጥናቱ ወሰን አካል ናቸው፤ በአሠራር ምዕራፉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ጉድለት ማንንም አያሳፍርም፣ ተደብቆ በፈታኝ የተገኘ ጉድለት ግን ያሳፍራል። ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድ መሆኑንም ቀድመው ይጠይቁ።

ታሪካዊ ርዕስ ያሰበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በመታተሙ የብዙ ዐሥርት ዓመታት ሥራው በጥራዝ ሊገለጥ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሠራጨውን ማግኘት ግን እጅግ የከበደ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በጋዜጣ ላይ በወጡ የፕሮግራም ዝርዝሮችና አስተያየቶች፣ በአስተዳደር ደብዳቤዎችና በቀድሞ ባለሙያዎች ትዝታ ላይ ነው፤ ጥያቄውም ይህን ተከትሎ መቀረጽ አለበት። ለአዳዲስ ድራማዎች ዩቲዩብ ያግዛል፤ ሆኖም ዛሬ የታየ ቪዲዮ ነገ ሊነሣ ስለሚችል የክፍሉን ቁጥር፣ የጫነውን ቻናል ስምና የተመለከቱበትን ቀን በሠንጠረዥ እየያዙ ይሂዱ።

ቀን ሲመዘግቡ የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እንደሚከተሉ ከመጀመሪያው ይወስኑ። ጋዜጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ ጽሑፎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስልክዎ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ስለሚጽፉ በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ ይምታታል። በሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ከፍተው ሁለቱንም መጻፍ የብዙ ሌሊት ድካም ያስቀራል። ከዚሁ ጋር ቀደምት ተማሪዎች የሠሩትን ይፈትሹ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ስለሚገኙ «በዚህ ርዕስ ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳይፈልጉ መጻፍ ዛሬ ይቅርታ የለውም።

ሦስተኛ፦ ንድፈ ሐሳቡን ለጥያቄው መምረጥ

አሁን ንድፈ ሐሳብ ይመጣል። ለተመልካች ጥናት ዋናው መነሻ ዛሬም የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የዘመናዊ ባህል ጥናት ማዕከል ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በሪቻርድ ሆጋርት የተመሠረተ ሲሆን፣ ሆል ደግሞ ሚዲያ መልእክትን ወደ ተመልካች አእምሮ በቀጥታ ያስገባል የሚለውን አመለካከት ተቃውሞ ተመልካቹ የተላከለትን ትርጉም እንዳለ ሊቀበለው፣ ከራሱ ሁኔታ ጋር እያስታረቀ ሊረዳው ወይም ፈጽሞ ሊቃወመው እንደሚችል አስረዳ። በእኛ ማሳያ አንዲት እናት ድራማውን እየወደደች «ልጅ አባቱን እንዲህ አይመልስም» ብትል በመሐለኛው መንገድ ላይ ናት ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ የሚጠቅስ ተማሪ ግን ከሆል በኋላ የሆነውንም ሊያውቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ለአሠራር ስልቱ ቀጥተኛ ትምህርት አለው። ተመራማሪው ዴቪድ ሞርሊ ሐሳቡን ለመፈተን የቢቢሲን የምሽት ወቅታዊ ዝግጅት ለ29 ቡድኖች አሳይቶ አወያየ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። የሰዎች አረዳድ ከማኅበራዊ መደባቸው ብቻ በቀላሉ እንደማይመነጭ ታየ። ከዚያም በላይ ሞርሊ ራሱ በአሠራሩ ላይ ጥያቄ አነሣ፤ ሰዎቹ ዝግጅቱን ያዩት ምናልባት ቤታቸው ቢሆኑ በማያዩበት ሁኔታ፣ ከቤተሰብ ተነጥለው በመሰብሰቢያ ቦታ ነበር። ስለዚህ በቀጣይ ሥራው በደቡብ ለንደን 18 ቤተሰቦች ዘንድ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማን ሪሞቱን እንደሚይዝ፣ ማን በጸጥታ፣ ማን ሥራ እየሠራ እንደሚያይ ጠየቀ። ለእኛ ጥናትም ተሳታፊዎችን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ጠርቶ የድራማውን አንድ ክፍል አሳይቶ ማወያየት ሳይሆን ሳሎን ድረስ መሄድ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋዜጣውን ጥያቄ ለመረጠ ሰው ደግሞ ፍሬሚንግ ይስማማል። ሮበርት ኤንትማን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳብራራው አንድ ዘገባ ከእውነታው የተወሰነ ክፍል መርጦ ሲያጎላ አራት ነገር ሊያደርግ ይችላል፦ ችግሩን ይበይናል፣ መንሥኤውን ያመለክታል፣ የሥነ ምግባር ፍርድ ይሰጣል፣ መፍትሔ ይጠቁማል። እነዚህ አራቱ ሳይቀየሩ ወደ ኮድ መመሪያ፣ ማለትም ዘገባዎችን በየምድባቸው ለመለየት ወደሚያገለግለው ደንብ፣ ሊገቡ መቻላቸው ትልቅ ጥቅማቸው ነው። አጀንዳ ቀረጻን፣ ማለትም ሚዲያ ያተኮረበት ጉዳይ በሕዝቡም ዘንድ ዋና ጉዳይ ይሆናል የሚለውን ንድፈ ሐሳብ፣ በልማድ ብቻ ባይጨምሩት ጥሩ ነው፤ የማክስዌል ማኮምስና የዶናልድ ሾ እ.ኤ.አ. የ1972 ጥናት የሚዲያን ትኩረት ከመራጮች ትኩረት ጋር ያነጻጸረ በመሆኑ የሕዝብ አስተያየት መረጃ ሳይኖር እርሱን መጥቀስ ምዕራፉን ከማወፈር አያልፍም። አንድ ወይም ሁለት ንድፈ ሐሳብ ተመርጦ በትንተናው ምዕራፍ በሥራ ከተተረጎመ በቂ ነው።

አራተኛ፦ ናሙናና አሠራር

በጋዜጣ ጥናት በየቀኑ የሚታተመውንና በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወጣውን በአንድ ዓይነት መንገድ ናሙና ማውጣት አይቻልም። ለየቀን ጋዜጣ «የተገነባ ሳምንት» የሚባለው ስልት ይረዳል፤ ከዓመቱ ማክሰኞዎች ሁሉ አንድ ማክሰኞ፣ ከረቡዖች ሁሉ አንድ ረቡዕ እየተባለ በዕጣ ይወጣና አንድ ሙሉ ሳምንት ይሠራል። የአንድ ዓመት የየቀን ጋዜጣን አጠቃላይ ይዘት ለመወከል ሁለት የተገነቡ ሳምንታት በቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ በዘርፉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ክርክሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሥቶ የበረደ ከሆነ ይህ ስልት ዋናዎቹን ዘገባዎች ሊዘልላቸው ስለሚችል በእነዚያ ወራት ስለጉዳዩ የወጣውን ሁሉ መሰብሰብ ይሻላል። ሳምንታዊ ጋዜጦችን በተመለከተ እትሞቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁሉንም ማየት ይገባል።

ዘገባዎቹን የሚመድቡት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ፈታኙ «ሌላ ሰው ቢያየው ተመሳሳይ ኮድ ይሰጠው ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የኮድ መመሪያውን ለአንድ የክፍል ጓደኛዎ አስረድተው ከናሙናው ከአሥር በመቶ ያላነሰውን በየግላችሁ መድቡና የስምምነት መጠኑን በክሪፐንዶርፍ አልፋ አስሉ። 0.80 እና ከዚያ በላይ አስተማማኝ ነው፤ ከ0.667 በታች ከሆነ መመሪያው እንደገና መጻፍ አለበት።

የተመልካች ጥናት ለሚሠራ ሰው ስድስት ወይም ስምንት ቤተሰቦች፣ በእነርሱም ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ቃለ መጠይቆች ለሁለተኛ ዲግሪ ይበቃሉ፤ ከቁጥሩ ይልቅ አዲስ ሐሳብ መምጣት ያቆመበት ደረጃ ላይ መድረስዎ ይመዘናል። የቡድን ውይይት ከጨመሩ ከስምንት ሰው አያሳልፉት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሦስት ሰዎች ያወራሉ፣ ሌሎቹ አንገት ይነቀንቃሉ።

አምስተኛ፦ ፈቃድና ሥነ ምግባር

የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ፣ በተራ ሰው ቋንቋ ያዘጋጁ። ፊርማ ሲባል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎ ከፈቀደ ቅጹን አንብበው የተሳታፊዋን የቃል ፈቃድ በድምፅ መቅረጽ ይቻላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ድምፅና ስም የት እንደሚያስቀምጡ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በፕሮፖዛሉ ላይ መግለጽ ከጨዋነት አልፎ ሕጋዊ መሠረትም አግኝቷል። ስም መቀየር ብቻ ግን ሰውን አይሰውርም፤ «በእንዲህ ያለ ሰፈር የምትኖር፣ ሦስት ልጆች ያሏት የሱቅ ባለቤት» ተብሎ ከተጻፈ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም የተወሰደ አስተያየትም ቃል በቃል ሲጠቀስ በአንድ ፍለጋ ጸሐፊው ስለሚገኝ፣ ጸሐፊው የታወቀ ሰው ካልሆነ ሐሳቡን በራስዎ ቃላት ማቅረብ ይሻላል።

በቤት ውስጥ ጥናት ከሁሉ የሚከብደው የአሠሪና የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ድራማውን አብረው ሊያዩት ይችላሉ፤ እመቤቲቱ ሶፋ ላይ፣ ሠራተኛዋ በር አጠገብ ወይም ሥራ እየሠራች። አሠሪዋ በተቀመጠችበት ሠራተኛዋን መጠየቅ ትርፉ «እርሳቸው እንዳሉት ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው፤ ለብቻ ለማነጋገር ሲሞከር ደግሞ አሠሪዋ «ምን ብላ ይሆን?» ብላ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ሠራተኞችን ከሌላ ቤት፣ በሌላ መንገድ ማግኘትና የሁለቱን አንድ ቤት መሆን ማስቀረት ብልህነት ነው። ከሠራተኛ ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅም በዕረፍት ቀኗ እንጂ በአሠሪ ሰዓት አይደረግ።

ስድስተኛ፦ መስክ

የመስክ ጊዜዎን ከሕይወት ጋር ያስማሙ። በሰሙነ ሕማማትና በበዓል ዋዜማ ቤት የሚያስተናግድ ጊዜ የለውም፤ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያ ሰዓት ለቃለ መጠይቅ አይሆንም። ድራማው በሚተላለፍበት ሰዓት ለመመልከት ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ይሂዱ፤ ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያቆዩ። ሰዎች በሚያዩበት ጊዜ በራሳቸው የሚናገሩት፣ ተዋናዩን መክረው መሳደባቸው፣ ማስታወቂያ ሲገባ ስለ ጎረቤት ማውራታቸው ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ይናገራል። ታላላቆችን «እርስዎ» ብለው፣ በተማሪነትዎ ሳይሆን በእንግድነትዎ ገብተው፣ ቡና ከቀረበ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሡ፤ አብዛኛው ጥሩ ወሬ የሚመጣው መቅረጫው ከጠፋ በኋላ ነው። ያንን ወሬ መጠቀም ከፈለጉ ግን በዚያው ፈቃድ ይጠይቁ። ማስታወሻዎን በዚያው ምሽት ይጻፉ።

ሰባተኛ፦ የአማርኛ መረጃን መገልበጥና መመደብ

አንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ የቡድን ውይይት ከዚያም ይበልጣል። ይህን በጊዜ ሰሌዳዎ ላይ ካላስገቡ ሰሌዳው ሐሰት ነው። ጽሑፉ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግልባጩንም ኮዱንም በአማርኛ ያድርጉ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሰው ክፍል ብቻ ነው። ሁሉንም አስቀድሞ የተረጎመ ሰው የሚተነትነው የተሳታፊዎቹን ንግግር ሳይሆን የራሱን ትርጉም ነው። የተጠቀሱት ንግግሮች የአማርኛ ቃል በአባሪ ይቀመጥ፤ ትርጉሙንም ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንብበው።

በኮምፒዩተር ሲፈልጉ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው፤ አንዱ ጋዜጣ «ሥርዓት»፣ ሌላው «ስርአት» ብሎ ስለሚጽፍ በአንዱ ብቻ የፈለገ ተማሪ ግማሹን መረጃ ሳያየው ያልፋል። የጽሑፎቹን ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንዲሁ ወደ አንድ ማምጣት፣ ለጥቅስ ግን ዋናውን አጻጻፍ መጠበቅ ይገባል። ሁለተኛው ቃላችን ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ማስከተሉ ነው፤ «ባህል» ብለው ሙሉ ቃል ከፈለጉ «የባህላችን» አይመጣም፤ ስለዚህ የቃሉን ክፍል እንዲፈልግ ማዘዝ ያስፈልጋል። በቆዩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየቡ ፋይሎችም ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የጋራ የፊደል ሥርዓት) ካልተለወጡ በመተንተኛ ፕሮግራም ውስጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይቀራሉ።

ስምንተኛ፦ መጻፍ

ከትንተናው ምዕራፍ ይጀምሩ፤ መግቢያውን በመጨረሻ ይጻፉ። በትንተናው ውስጥ አንድ ጥቅስ ካስገቡ በኋላ «ከላይ እንደምንረዳው» ብሎ ጥቅሱን መድገም የተለመደ ድካም ነው፤ ይልቁን ንግግሩ ከሌሎቹ ንግግሮች በምን እንደሚለይ፣ ማን እንደተናገረውና ንድፈ ሐሳቡ የማይገልጸው ምን እንዳለበት ይጻፉ። ሆል ባስቀመጣቸው ሦስት መንገዶች የማይመደብ ተመልካች ከተገኘ የጽሑፉ ጠቃሚ ግኝት እዚያ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ታሪኩን ሳትከተል ለልብሱና ለቤቱ ዕቃ ብቻ የምታይ ሴት።

የኢትዮጵያውያን ስም ሲጠቀስ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ መገልበጥ አይገባም፤ ስምና የአባት ስም በቅደም ተከተላቸው ይጻፋሉ፣ በዋቢ ዝርዝር ውስጥም በራስ ስም ይደረደራሉ። ዞቴሮን (የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር የሚያዘጋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ሙሉ ስሙን በአንድ ሣጥን እንዲቀበል ካላስተካከለው ፕሮግራሙ በራሱ ይገለብጠዋል።

ዘጠነኛ፦ ዲፌንስና ከዚያ በኋላ

ለዲፌንስ የሚቀርበው ማብራሪያ የምዕራፎቹ ማጠቃለያ መሆን የለበትም፤ ፈታኞቹ አንብበውታል። ጥያቄውን፣ ማስረጃው ከየት እንደመጣ፣ ሦስት ግኝቶችንና የጥናቱን ወሰን በተሰጠው ደቂቃ ያቅርቡ። «ለምን ይህ ሰፈር? ለምን ወንዶች የሉም? ሰዎቹ ከቦታዎ የተነሣ እርስዎ መስማት የሚወዱትን ብቻ እንዳልነገሩዎት በምን ያውቃሉ?» የሚሉ ጥያቄዎችን አስቀድመው ከአማካሪዎ ጋር ይለማመዱ፤ መልሱ በአሠራር ምዕራፉ ውስጥ በገጽ ቁጥር ቢገኝ ይመረጣል። የፈታኞቹን አስተያየት እያንዳንዱን በሠንጠረዥ ጽፈው በየትኛው ገጽ እንዳረሙት አጠገቡ ያስፍሩ፤ አማካሪውም ሆነ የውስጥ ፈታኙ ሲፈርሙ ጊዜ አይወስድባቸውም።

የታረመው ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱና ለኢንተርኔት ማኅደሩ ሲገባ የተሳታፊዎች ድምፅ፣ ስልክ ቁጥርና የፈቃድ ቅጽ አብረው እንዳይገቡ ያረጋግጡ። ድምፁ በፕሮፖዛሉ ላይ በተጻፈው ቀን ይጥፋ። ለተሳታፊዎቹም ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጅተው በእጅ ያድርሱ፤ ማንበብ ለማይችሉት ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው፣ የሚያርሙዎት ነገር ካለም ለመጽሔት ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ይጠቅምዎታልና ይጻፉት።